የፍሪሲዮን ዘይት አጠባበቅ፤ ባዕድ ዘይት ሲገባበትም የሚደረግ መላ



በዚህ ዐምድ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ፥ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ስለምትቆመው መኪና፥ ከመኪናዪቱም ክፍሎች መካከል ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ስለ ፍሪሲዮን ዘይት ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዕቃውም ቢሆን ከአንድ የሻይ ብርጭቆ እምብዛም የማይበልጥ ፈሳሽ የሚይዝ ነው። ነገር ግን ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ ነገር ቤተሰብን በሙሉ በቁልቁለት መንገድ ላይ ለአደጋ እንደሚያጋልጥ በራሳችን ደርሶ አይተነዋልና፥ ያየነውን ለሌላው ማካፈል ግዴታችን መስሎ ታየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ደብረ ሲና የሚኖሩትን እናታችንን ለመጠየቅ ቤተሰባችንን አሳፍረን ከአዲስ አበባ ተነሣን። መኪናችን አሮጌ ብትሆንም እስከዚያ ቀን ድረስ አስቸግራን አታውቅም ነበር። ከመነሣታችን ሦስት ቀን አስቀድሞ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ከበድ ብሎን ነበር፤ በማግሥቱ ደግሞ ወደ ላይ ሲመለስ የዘገየ መሰለን። እኛ ግን ብርዱ ነው፥ ዕድሜው ነው እያልን አቃለልነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ የጎማ አካባቢ የመቃጠል ሽታ ሸተተን፤ ይህንንም ከፊታችን ከሚሄደው የጭነት መኪና የመጣ ነው አልን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን፥ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ብንረግጥ ፔዳሉ ወደ ታች ወርዶ በዚያው ቀረ። በእግራችን ጫፍ ከሥሩ ብናነሣውም ኀይል አልነበረውም። ማርሹ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ በመካከል ስለ ቀረ፥ መኪናዪቱ ሞተር የማይገታት ሆና በራሷ ክብደት ትወርድ ጀመር። ፍሬኑን ረገጥነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ያዘ፤ ነገር ግን ከያዘ በኋላ አልለቅም አለ። ከመንገዱ ዳር እንደ ምንም ቆምን፤ ልጆቹም ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረጉ።

ሁላችንም ዝም ብለን ስንተያይ፥ ከኋላ የነበረው የ14 ዓመት የእህታችን ልጅ ማልቀስ ጀመረ። «ጋሼ፥ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለን። ለካ ባለፈው ሰሞን ኮፈኑን ከፍተን «የፍሪሲዮን ዘይት ቀንሷል፥ ነገ እንጨምራለን» ስንል ሰምቶን ኖሯል። እኛን ለመርዳት ብሎ፥ ከዕቃ ቤት በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘውን ንጹሕ ቢጫ ዘይት ወስዶ ማጠራቀሚያውን ሞላው። ያ ዘይት የሞተር ዘይት ነበር። በውኃ ጠርሙስ ገልብጠን፥ ምንም ሳንጽፍበት በመደርደሪያ ላይ ያኖርነውም እኛው ራሳችን ነበርን። ልጁ በማግሥቱ ጥፋቱን ጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ቀን በሌላ ነገር ስንቈጣ ስላየን ፈርቶ ዝም አለ።

ከደብረ ሲና ተጠርተው የመጡት ሸምገል ያሉ መካኒክ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ያለውን ጎሚኒ አሳዩን። እንደ ረጠበ ሽምብራ አብጦ ወደ ቦታው አልመለስ ብሎ ነበር። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ልጁን ወደ እርሳቸው አቅርበው፥ «አይዞህ ልጄ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፥ የጠርሙሱ ነው» አሉት። እኛም ያ ቃል ለማን እንደ ተነገረ ገባን። ይህ ጽሑፍም የተጻፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አስቀድመን የዕቃውን አሠራር እንመልከት፤ አሠራሩን ያላወቀ ሰው ጥበቃውን ሊያውቅ አይችልምና።

ፍሪሲዮን፥ አንዳንዱ ሰው ክላች የሚለው፥ በሞተርና በካምቢዮ መካከል ያለ ማገናኛ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት መንኰራኵር ይዞራል። ሸራ የለበሰው የፍሪሲዮን ዲስክ በጠንካራ ሞላ ተጭኖ ከቮላኖው ጋር ስለሚጣበቅ፥ የሞተሩ ኀይል ወደ ካምቢዮ፥ ከካምቢዮም ወደ ጎማ ይተላለፋል። ነጂው ማርሽ ለመለወጥ ወይም ለመቆም ሲፈልግ ግን ይህ ግንኙነት ለጊዜው መቋረጥ አለበት። በአንዳንድ መኪናዎች ይህ የሚደረገው በሽቦ ገመድ ጉተታ ነው፤ እነዚህ የፍሪሲዮን ዘይት የላቸውም። በፈሳሽ በሚሠራው ግን ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ ይገፋል፤ በፖምፓው ውስጥ ያለው ጎሚኒ የለበሰ ፒስተን ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ይነዳዋል፤ ፈሳሹም በካምቢዮው አጠገብ ያለውን የታችኛውን ፖምፓ ፒስተን ይገፋዋል፤ ይኸውም ሹካ መሳዩን ብረት፥ ሹካውም ኩሽኔታውን ወደ ሞላው ገፍቶ ዲስኩን ከቮላኖው ያላቅቀዋል።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው። ከ1623 እስከ 1662 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት ጫናውን ወደ ሁሉም ወገን እኩል ያደርሳል። ስለዚህ በጠባብ ፒስተን ላይ የተደረገ ቀላል ግፊት በሰፊው ፒስተን ላይ ከባድ ኀይል ሆኖ ይገኛል። በዚሁ ሕግ በ1921 እ.ኤ.አ. ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል በአራቱም ጎማ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ይዞ ወጣ። ፍሪሲዮኑም የዚያው ብልሃት ወገን ነው። ሕጉ የሚሠራው ግን ፈሳሹ ንጹሕ፥ ጎሚኒዎቹ ጤነኛ፥ ቱቦውም ከአየር ነጻ ሲሆን ብቻ ነው። ፈሳሽ በቀላሉ አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። አየር ከገባበት የእግራችን ኀይል አየሩን በመጭመቅ ያልቃል እንጂ ከፍሪሲዮኑ አይደርስም።

አሁን ወደ ፈሳሹ እንምጣ። የልጃችን ስሕተት የጀመረው ከስሙ ነው። ሁላችንም «የፍሬን ዘይት»፥ «የፍሪሲዮን ዘይት» እንላለን፤ ነገር ግን በብዙዎቹ መኪናዎች ያለው ይህ ፈሳሽ ዘይት አይደለም። ግላይኮል ከሚባሉ ኬሚካላዊ ነገሮች የተቀመመ ሆኖ፥ ከውኃ ጋር የሚዋሐድ ነው፤ ዘይት ግን ከውኃ ጋር እንደማይስማማ ወጥ የሠራች ሁሉ ታውቃለች። አንድ ልጅ «ዘይት ቀንሷል» ሲባል ቢሰማና ዘይት ቢጨምር፥ የሰማውን ፈጸመ እንጂ ምን በደለ? ስለዚህ ቢያንስ በቤታችን «የፍሬን ፈሳሽ» ብንለው ከብዙ ጥፋት ያድነናል። ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚጠቀሙት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ፈሳሽ ነውና።

የፈሳሹ ደረጃ በጠርሙሱና በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ይጻፋል። ዶት የሚለው ቃል ከአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ሲሆን፥ ቁጥሩ የፈሳሹን ዓይነት ያመለክታል። ዶት 3 አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ ዶት 4 ከ230፥ ዶት 5.1 ከ260 ዲግሪ በታች አይፈሉም። እነዚህ ሦስቱ የግላይኮል ወገን ናቸው። ዶት 5 የሚባለው ግን ምንም እንኳ ስሙ ከ5.1 ጋር ቢመሳሰል ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ነገር ነውና ከቀሩት ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። ጥቂት መኪናዎች ደግሞ በእውነት የማዕድን ዘይት የሚፈልግ ሥርዓት አላቸው፤ ለእነርሱ ደግሞ የግላይኮሉ ፈሳሽ ጠንቅ ነው። እንግዲህ ደንቡ አንድ ነው፤ ይኸውም በክዳኑ ላይና በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን አንብቦ ያንኑ መጨመር ነው። ጎረቤት የተጠቀመበት ስለ ሆነ ለእኛም ይሆናል ማለት አይደለም።

የግላይኮል ፈሳሽ አንድ ድካም አለው፤ ከአየር ርጥበትን ይስባል። ርጥበቱ በጎሚኒው ቱቦና በክዳኑ መተንፈሻ በኩል ቀስ በቀስ ይገባል። በፈሳሹ ውስጥ የውኃው ድርሻ ከመቶ 3.7 ሲደርስ፥ የዶት 3 የመፍላት መጠን እስከ 140 ዲግሪ፥ የዶት 4 እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ፈሳሹ ከሞቀው ሞተርና ካምቢዮ አጠገብ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከዚህም በላይ ውኃው የፖምፓውን ውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገውም ብረት እንደ ሞረድ ሆኖ ጎሚኒውን ይበላዋል። እንዲህ ያለው ፈሳሽ በመጀመሪያ እንደ ማር ብርዝ ነጣ ብሎ ቢጫ የነበረው፥ ቆይቶ እንደ ቡና አተላ ይጠቍራል። ስለዚህ ባለሙያዎች ፈሳሹ ምንም ጕድለት ባይታይበትም በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ይመክራሉ። የመኪናው መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ካዘዘ ግን እርሱን መከተል ይገባል።

የጥበቃው ሥራ አስቸጋሪ አይደለም። በወር አንድ ጊዜ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሳለ ማጠራቀሚያውን ማየት ነው። ፈሳሹ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል መሆን አለበት። ማጠራቀሚያው ለፍሪሲዮን ብቻ ከሆነ፥ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፈሳሹ ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በፔዳሉ ላይ በኩል የነጂው እግር የሚያርፍበት ምንጣፍ ረጥቦ እንደ ሆነ፥ ከታች ደግሞ የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ ሽፋን ረጥቦ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። በብዙ የዛሬ መኪናዎች ግን የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ማጠራቀሚያ አንድ ነው። በእነዚህ የፍሬን ሸራ ሲያልቅም ፈሳሹ ይቀንሳል። የእኛም መኪና እንዲህ ያለች ነበረች፤ ባዕዱ ዘይት ፍሪሲዮኑን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑን ጭምር ያበላሸውም ስለዚህ ነው።

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ የሞላበት አገር ነውና፥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወደ ውስጥ ከገባች ጎሚኒውን ትፍቃለች። ፈሳሹ በመኪናው ቀለም ላይ ቢንጠባጠብ ቀለሙን ይልጣልና ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። ለሰውም መርዝ ስለ ሆነ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ እጅም ሆነ ዐይን ቢነካ በውኃ ይታጠብ። ከሁሉ ይልቅ ግን በመጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይገልበጥ። የተከፈተ ጠርሙስም ከአየሩ ርጥበት ስለሚስብ ለከርሞ ተብሎ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ ከመኪናው የወጣ ፈሳሽም ምንም ንጹሕ ቢመስል ተመልሶ አይገባም።

አሁን ባዕድ ነገር ሲገባበት ምን እንደሚሆን እንናገር። ለግላይኮል ፈሳሽ የተሠሩት ጎሚኒዎች የሞተር ዘይት፥ የመሪ ዘይት፥ የካምቢዮ ዘይት፥ ናፍጣ፥ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ሲነካቸው ያብጣሉ፥ ይለሰልሳሉ። ያበጠ ጎሚኒ በፖምፓው ውስጥ ይጣበቃል፤ ፔዳሉም ይከብዳል፥ ቀስ ብሎ ይመለሳል፥ በመጨረሻም ወርዶ ይቀራል። ደግሞም ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበትን ትንሽ ቀዳዳ ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜ የተጫነው ፈሳሽ መመለሻ አጥቶ ፍሬኑን እንደ ያዘ ያቆየዋል፥ ጎማውም ይግላል። በደብረ ብርሃን የሸተተን ሽታ ይህ ነበር። መጀመሪያ የሚያብጠው ግን ከክዳኑ ሥር ያለው ጎሚኒ ነውና፥ እርሱ ሰፍቶና ተጣሞ ከታየ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

የሚያጠራጥር ከሆነ ደብረ ሲና ላይ ያየነው ቀላል ፈተና አለ። በአሮጌ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ተቀድቶ ከማጠራቀሚያው በተወሰደ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ይንጠብጠብበትና ይማሰል። ትክክለኛው የግላይኮል ፈሳሽ ከሆነ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። ዘይት ካለበት ግን እንደ ወጥ ቅባት ከላይ ይንሳፈፋል። ያ ብርጭቆ ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይመለስም።

መፍትሔው እንደ ጊዜው ይለያያል። ዘይቱ ተጨምሮ ፔዳሉ ገና ያልተረገጠ፥ ሞተሩም ያልተነሣ ከሆነ ተስፋ አለ። ማንም ፍሪሲዮንም ሆነ ፍሬን አይርገጥ፤ መኪናውም ከቦታው አይነቃነቅ። ዘይት ከፈሳሹ ስለሚቀል አብዛኛው ከላይ ተንሳፍፎ ይቈያል። በስሪንጅ ያለው ሁሉ ይመጠጥ፤ ማጠራቀሚያው ተፈትቶ ይጽዳ፤ የክዳኑ ጎሚኒ ይለወጥ፤ ከዚያም በአዲስ ፈሳሽ መላው መሥመር ደጋግሞ ይታጠብ። ይህንንም ቢሆን የሚያውቅ መካኒክ ቢያየው ይሻላል፤ አንዳንድ የመኪና ሠሪዎች እንዲህ ባለ ጊዜም እንኳ ጎሚኒዎቹ ሁሉ እንዲለወጡ ያዝዛሉና።

ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው ከተነዳ ግን ፈሳሹን ማፍሰስና አዲስ መሙላት ብቻ አይበቃም። ዘይት የጠጣ ጎሚኒ ታጥቦ አይድንም። የላይኛውና የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒዎች ወይም ፖምፓዎቹ ራሳቸው፥ የጎሚኒው ቱቦና የክዳኑ ጎሚኒ ሁሉ መለወጥ አለባቸው። የብረቱ ቱቦ በንጹሕ አልኮል ታጥቦ በንጹሕ ነፋስ ይደርቃል፤ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ ግን በሽታውን በሌላ በሽታ መተካት ነው። ማጠራቀሚያው ከፍሬን ጋር አንድ ከሆነ ደግሞ የፍሬኑ ዋና ፖምፓ፥ በየጎማው ያሉት ጎሚኒዎችና ቱቦዎች፥ ጎማ እንዳይታሰር የሚጠብቀው መሣሪያም ካለ እርሱ ጭምር መመርመርና እንደ አስፈላጊነቱ መለወጥ አለባቸው። በአንዳንድ መኪና የታችኛው ፖምፓ በካምቢዮው ውስጥ ስላለ ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ይሆናል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። በሁለት ቀን ዝምታ የተነሣ በጥቂት ሊትር ፈሳሽ ይፈጸም የነበረው ሥራ በእኛ ቤት ወደዚህ ደረሰ።

ተራውን የፈሳሽ ለውጥ ግን ጥንቁቅ የሆነ ሁሉ ከአንድ ረዳት ጋር በቤቱ ሊሠራው ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንደኛ፤ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማውም ታኮ ይደረግለት። ከሥሩ ለመግባት ካስፈለገ በጽኑ ድጋፍ ላይ ይቁም እንጂ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ሁለተኛ፤ የማጠራቀሚያው አሮጌ ፈሳሽ በስሪንጅ ይመጠጥ፤ ባልተከፈተ ጠርሙስ የመጣ አዲስ ፈሳሽ ይሞላ። ለፍሪሲዮኑ መሥመር ብቻ ከሆነ ግማሽ ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ በታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ቡሎን ትጽዳ፤ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይሰካባት፤ የቱቦውም ሌላ ጫፍ ጥቂት ንጹሕ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ፤ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው።

አራተኛ፤ ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ወደ ታች ተጭኖ «ያዝሁ» ይበል። ከታች ያለው ሰው ቡሎኗን ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይፍታ፤ ጥቁሩ ፈሳሽና የአየሩ አረፋ ይወጣል። ቡሎኗ ተመልሳ ከተዘጋች በኋላ «ልቀቅ» ይበል። ቡሎኗ ሳትዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ይገባልና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፔዳሉ በራሱ ካልተመለሰ ረዳቱ በእጁ ያንሣው።

አምስተኛ፤ የሚወጣው ፈሳሽ አረፋ የሌለበት፥ ቀለሙም እንደ አዲሱ የጠራ እስኪሆን ይህ ይደጋገም። በየአራት ወይም በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያው ይታይ፤ ባዶ ከሆነ ከላይ አየር ይስባልና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስድስተኛ፤ ቡሎኗ በልክ ትጥበቅ፤ ያለ ልክ ከጠበቀች ትሰበራለች። ማጠራቀሚያው እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቶ ክዳኑ ይዘጋ። ሞተሩ ተነሥቶ፥ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባ እንደ ሆነ ይፈተን። ከዚያም ፔዳሉ ጠንከር ያለ መሆኑና ምንም አለማፍሰሱ ታይቶ በዝግታ ይነዳ። የፍሬኑ ፔዳልም አብሮ ይፈተን፤ እርሱ ከላላ ግን መኪናው ከደጅ አይውጣ። የወጣው አሮጌ ፈሳሽ በጓሮ ወይም በፈፋ አይፈስስም፤ በታሸገ ዕቃ ሆኖ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

ፍሪሲዮን በመንገድ ላይ ቢበላሽስ? ፔዳሉ ወደ ታች ከወረደ ደጋግሞ መርገጥ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ኀይል ይመልስለታል፤ ይህ ግን ከመንገድ ለመውጣት እንጂ ጕዞን ለመቀጠል አይደለም። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከላይ ሳሉ ማርሽ መቀነስ የሚመከርበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ከመካከል የሚለውጥ ሰው ፔዳሉ ቢከዳው ሞተሩን ያጣዋል። ከመንገድ ዳር ወጥቶ፥ ምልክት አድርጎ፥ ጎማውን በታኮ መያዝ ነው። ለታኮና ለምልክት የተደረገውም ድንጋይ መኪናው ሲነሣ አብሮ ይነሣ። በየመንገዳችን ላይ ትተናቸው የምንሄደው ድንጋዮች በሌሊት ለሚመጣው ለሌላው ሰው ሞት ናቸው።

እኛስ ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? መኪናዪቱ በጭነት መኪና ተጭና አዲስ አበባ ገባች፤ በአንድ ጋራዥም ብዙ ቀን ቆመች። ለሌላ ጕዳይ ያስቀመጥነው ገንዘብም በእርሷ አለቀ። እናታችን ግን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ «ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን ተጨንቆ አላያችሁትም?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። የፔዳሉን ክብደት እንዳቃለልን ሁሉ የልጁንም ዝምታ አቃለነው ነበር።

አሁን የዕቃ ቤቱን መደርደሪያ ያዘጋጀው እርሱ ነው። የሞተር ዘይት፥ የመሪ ዘይት፥ የፍሬን ፈሳሽ እያንዳንዱ በገዛ ዕቃው ሆኖ ስሙና የተከፈተበት ቀን በእጁ ተጽፎበታል። በፍሬን ፈሳሹም ላይ «ዘይት አይደለም» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎበታል። ፈሳሹን በምንለውጥበት ቀን ከፔዳሉ ላይ የሚቀመጠው ረዳታችንም እርሱ ነው፤ እርሱ «ያዝሁ» ሲል እኛ ከታች ቡሎኗን እንፈታለን።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። አንደኛው፥ ኮፈናችሁን ከፍታችሁ የፈሳሹን መጠንና ቀለም እንድታዩ ነው። ሁለተኛው፥ በዕቃ ቤታችሁ ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ እንዳለ ፈልጋችሁ ዛሬውኑ እንድታስወግዱ ነው። በቤታችሁም ጥፋት ያጠፋ ልጅ ሳይዘገይ መጥቶ ሊነግራችሁ የሚደፍር እንዲሆን፥ ቍጣችሁን በልክ አድርጉት። እኛ ይህን ዘግይተን ተምረነዋል።